ክፍል ሁለቱ ከአንደኛው ይበልጣል የምለው እኔ ብቻ ነኝ? (ብላክ ፓንተር)

ጃንተከል፦
ያላያችሁት ከዚሁ ተመለሱ፤ ታሪኩን ሳልዘረግፍ ማውራት አልችልም።

ብላክ ፓንተር በተነሣ ቁጥር «አንደኛው ወደር የለውም፣ ሁለተኛውን ተወው» ሲባል እሰማለሁ። ሰሞኑን ሁለቱንም አከታትዬ አየሁና ይሄ ፍርድ አልዋጥልኝ አለ። አንደኛው ጎበዝ የጀግና ፊልም ነው። ልዑሉ ቲቻላ በልብ ወለዷ አገር በዋካንዳ አባቱን ተክቶ ይነግሣል፣ ባላንጣ ይመጣበታል፣ ከፏፏቴ ተወርውሮ ሞተ ሲባል ይነሣል፣ ያሸንፋል። ልብሱ፣ ከበሮው፣ ፉከራው ሁሉ ያምራል። ግን ቲቻላ ከፏፏቴው ሲወረወር ማን ደነገጠ? ቪዲዮ ቤት ያደግን ሰዎች «አክተሩ አይሞትም» የሚለውን ሕግ ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተነዋል።

ሁለተኛው ደግሞ አክተሩ ገና ርእሱ ሳይጻፍ የሞተበት ፊልም ነው። ሠሪዎቹ ሕጉን የጣሱት ወደው አይደለም። ቲቻላን የሚጫወተው ቻድዊክ ቦዝማን ነሐሴ 22 ቀን 2012 በአንጀት ካንሰር ዐረፈ፤ 43 ዓመቱ ነበር። በሽታው የተገኘበት በፈረንጅ 2016 ነው። ያን ፏፏቴ ላይ ራቁቱን ሲታገል የምናየው ሰውዬ ታማሚ ነበር ማለት ነው፤ ለሕዝብ ግን ትንፍሽ አላለም።

ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር በቦታው ሌላ ሰው አላስገባም። ፊልሙ በጨለማ ይጀምራል፤ የእኅቱ የሹሪ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ወንድሜን የማድንበት ጊዜ ስጪኝ እያለች አምላኳን ባስትን ስትለማመን። ቤተ ሙከራዋ ውስጥ ላይ ታች ትላለች። እናቷ ትገባና ወንድምሽ አለፈ ትላታለች፤ ያለችው ይኸው ነው። ከዚያ ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ጭፈራ፣ ወደ ሰማይ የሚወጣ ሬሳ ሣጥን። ቀጥሎ የሠሪው ድርጅት የማርቭል ምልክት ይመጣል፤ ሁልጊዜ የሚያጅበው ሙዚቃ የለም፤ የሟቹ ምስል ብቻ በዝምታ ያልፋል።

መካከሉ ተንዛዝቷል፣ አልክድም። አንደኛው 134 ደቂቃ ነው፣ ይሄኛው 161። የአሜሪካዊው ሰላይና የቀድሞ ሚስቱ ወሬ ተቆርጦ ቢወጣ ማንም አይጠይቅም ነበር። ቢሆንም እኔ ከሁለቱ ደግሜ የማየው ሁለተኛውን ነው። በሉ ውረዱብኝ።

ማራኪ_ተማሪ፦
ኧረ ወንድሜ! ለቅሶ ለመድረስማ ሠፈር ውስጥ መች ድንኳን ጠፋና ነው። ማርቭል የከፈትኩት እንድዝናና ነው።

ደግሞ ስለ ባላንጣዎቹ ምንም አላልክም። የአንደኛው ባላንጣ ኪልሞንገር ማለት ፊልሙን ካየህ በኋላ ወደ ዶርም ስትመለስ «ቆይ፣ ሰውየው እኮ ልክ ነበር» እያልክ የምትከራከርለት ሰው ነው። አባቱን ገድለው፣ እሱን ሕፃኑን ኦክላንድ ላይ ጥለው የሄዱት የገዛ ዘመዶቹ ናቸው። ንዴቱ ምክንያት አለው። ሁለተኛው ላይ ማንን አመጡልን? ቁርጭምጭሚቱ ላይ የወፍ ክንፍ ያለው የባሕር ንጉሥ።

ቁጥርም ይመስክር። አንደኛው ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ሁለተኛው 860 ሚሊዮን ገደማ። አንደኛው ለ7 ኦስካር ታጭቶ 3 ወሰደ፤ በምርጥ ፊልም ዘርፍ የታጨ የመጀመሪያው የልዕለ ጀግና ፊልምም እሱ ነው። ሁለተኛው ለ5 ታጭቶ 1።

አዘዞ_07፦
ክንፉ ላይ እኔም ስቄ ነው ያቆምኩት። ያችን በምታክል ክንፍ ያን ሁሉ ጡንቻ?

ጃንተከል፦
@ማራኪ_ተማሪ ገንዘብ ካነሣህማ ከሁለቱ የበለጠ ያስገቡ፣ ስማቸውን የማታስታውሳቸው ፊልሞች አሉ። አንደኛው ያን ያህል ያስገባው ሕዝቡ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ስለማያውቅ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ያው ግርምት አይገኝም።

ናሞርን ደግሞ በክንፉ አትናቀው። በኮሚክሱ ከ1939 ጀምሮ ያለ ሽማግሌ ነው፤ ያኔ አገሩ አትላንቲስ ነበር። ፊልሙ ያን ትቶ ታሎካን የሚባል፣ ከማያ ሕዝብ የመጣ፣ ስፔኖች ፈንጣጣና ባርነት ይዘው ሲመጡ ወደ ባሕር የገባ ሕዝብ አደረገው። ቋንቋቸውም የዩካታን ማያ ነው። ኪልሞንገር ንዴቱን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ነው። ናሞር ግን የሚጠብቀው ሕዝብ አለው። እናቱን ሊቀብር ወደ የብስ ወጥቶ ያያትን የባሪያ እርሻ ያቃጠለ ልጅ ነው። ሁለት ተደብቀው የኖሩ አገሮች፣ ሁለቱም የሚፈሩት አንድ ዓይነት ሰው፣ ግን እርስ በርስ ተባሉ። እኔ ይሄ ከኪልሞንገር ይልቅ ያሳስበኛል።

እና የአንደኛው የመጨረሻ ውጊያ! ባቡር ሐዲዱ ላይ ሁለት ጥቋቁር ድመቶች እንደ ጌም ሲገለባበጡ። ያን ማንም አያነሣውም።

ፍላሽ_ቤት፦
እኔ ከባንኮኒው ወዲህ፣ ፊልም በፍላሽ ስጭን የማየውን ልንገራችሁ። አንደኛው ፊልም አሜሪካ ውስጥ የወጣው የካቲት 9 ቀን 2010 ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መልቀቂያ ባስገቡ ማግስት፣ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀ ዕለት። ሰው ዜናውን ያወራል፣ በዚያው አፉ «ዋካንዳ ገባ ወይ?» ይለኛል። መጀመሪያ የደረሰን ሲኒማ ቤት ውስጥ በካም የተቀረጸ ነበር፤ መሐል ላይ አንድ ሰው ፋንዲሻ ይዞ ስክሪኑን አቋርጦ ያልፋል። ያንኑ ጭነው ሄዱ።

ሁለተኛውን ያስጫነኝ ሰው ግን ሁለት ዓይነት ነው። ወጣቱ «ረዘመ» ብሎ ይመለሳል። ትልልቅ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ «ያን እናትየዋ ያለችበትን» ብለው ይጠይቁኛል። እናትየዋ አንጄላ ባሴት ናት፤ በማርቭል ስቱዲዮስ ፊልም በትወና ለኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ።

አንድ ነገር ግን ጃንተከል ያነሣው ያቃጥለኛል። በአማርኛ ትርጉሙ ያያችሁት ያን የዝምታ ምልክት አላያችሁትም። ተርጓሚው ዝምታ አይችልም! «ተመልካቾቻችን፣ ይሄ እንግዲህ ሟቹ ነው፣ በጣም ጥሩ ልጅ ነበር» እያለ ሞላበት።

አዘዞ_07፦
ሃሃሃ የኔ ተርጓሚ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጸሎት ጨመረበት።

ሰብለ_ዘፒያሳ፦
እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለ ልብሱ ካላወራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሁለቱንም ያለበሰቻቸው ሩት ካርተር ናት፤ በሁለቱም ኦስካር ወስዳለች። ሁለት ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ያደረጋት ሁለተኛው ፊልም ነው። አንደኛው ላይ አፍሪካን በሙሉ ነው የዘረጋችው። የሌሶቶ ብርድ ልብስ፣ የንዴቤሌ የአንገት ቀለበት፣ የንግሥቲቱ የዙሉ ባርኔጣ (በማሽን ታትሞ የተሠራ ነው፣ እጅ እንዳይመስላችሁ)። ከኛም አገር ወስዳለች፦ ያ አረንጓዴ ሱፍ የለበሰ፣ ታችኛው ከንፈሩ ላይ ሸክላ ያደረገ ሽማግሌ ከሙርሲና ከሱሪ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን እውነት ልንገራችሁ፣ የቅዳሜ ገበያ ያህል ዓይኔን በተነው፤ የቱን ልይ?

ሁለተኛው ላይ ሕዝቡን ሁሉ ነጭ አለበሰችው። ስፌት የሚያውቅ ሰው ነጭ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃል፤ ጥበቡ ካልተለየ፣ አወራረዱ ካላማረ ሁሉም አንሶላ ነው የሚመስለው። እሷ በሽመናውና በዶቃው ብቻ ነገዱን ከነገድ ለየችው። እኛ ነጠላ አዘቅዝቀን ነው የምናዝነው፤ ያው ነጠላ ጥለቱ የት ላይ እንደዋለ አይተህ ሰውየው ሠርገኛ ይሁን አዘንተኛ ታውቃለህ። ያን ነገር የገባት ይመስለኛል።

ከሁሉ የነካኝ ደግሞ እናትየዋ ሹሪን ወንዝ ዳር ወስዳ የሐዘኑን ልብስ አቃጥዪውና ዓመቱን እንዝጋ ስትላት ነው። ልጅቱ እምቢ አለች። ደንበኞቼ ጥቁር የሚያወልቁበት ቀን ሲደርስ እኔ ዘንድ ይመጣሉ፣ አዲስ ነጭ ሊያሰፉ። እናትና ልጅ አብረው ገብተው እናትየው ስትለካ ልጅቱ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ «እኔ አላወልቅም» ያለችበትን ቀን አልረሳውም። ሜትሬን ጠቅልዬ ሻይ አዘዝኩላቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ትርሲት፦
ሁለተኛው የወጣው ኅዳር 2 ቀን 2015 ነው። ያን ሰሞን ብዙ ቤት ድንኳን ነበር። የኛም ቤት ነበር፤ ወንድሜ ነው።

ፊልሙን ያየሁት ቆይቼ ነው። ሹሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስትሯሯጥ፣ አጠገቡ ሳትሆን መሞቱ፣ እሱ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጦርነት፣ የባሕሩን ሰው፣ መርከቡን እምብዛም አላስታውስም። የትኛው ይበልጣል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አንደኛውን ከሱ ጋር ስስቅ ነው ያየሁት።

ማራኪ_ተማሪ፦
ትርሲት እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ስለ ድንኳን የቀለድኩትን አንሡልኝ አወያይ።

አወያይ፦
ይቆይ፤ መልሶቹ ከሱ ጋር ስለተያያዙ ክሩ ይበላሻል። ትርሲት፣ ነፍሱን ይማርልሽ።

ቋረኛው፦
ሁላችሁም የፊልሙን ልብ ዘላችሁት አለፋችሁ። የአንደኛውን የለንደን ሙዚየም!

ኪልሞንገር መስታወቱ ፊት ቆሟል። ባለሙያዋ ቡናዋን ይዛ ትመጣለች። ይሄ ከየት ነው ይላታል፣ ከጋና ነው ትለዋለች። ይሄስ? ከቤኒን። ይሄስ? እሱም ከቤኒን። የለም፣ ይሄ የዋካንዳ ነው ይላታል። ከዚያ አያቶቻችሁ ዋጋውን ከፍለው ነው ወይስ እንደ ሌላው ሁሉ ዘርፈው ነው ያመጡት ብሎ ይጠይቃታል። ቡናዋ ተመርዟል፤ እዚያው ትወድቃለች።

ለጎንደር ሰው ይሄ ልብ ወለድ ነው? ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ የሆነው ምን ነበር? እንግሊዞቹ የዘረፉትን በ15 ዝሆንና በ200 በቅሎ ጭነው ወረዱ። ታቦት ሳይቀር ሙዚየማቸው ውስጥ ነው። የአፄ ቴዎድሮስን ጸጉር እንኳ ቆርጠው ወስደው የመለሱት በ2011 ነው።

ኪልሞንገር ሲሞትም እናድንህ ሲሉት እምቢ አለ፤ ከባርነት ሞት ይሻላል ብለው ከመርከብ ወደ ባሕር እንደዘለሉት አያቶቼ ባሕር ውስጥ ቅበሩኝ አለ። እጄን አልሰጥም ብሎ ሽጉጡን የጠጣውን የቋራውን አንበሳ ያላስታወሰው ጎንደሬ አለ? ሁለተኛው ፊልም እንዲህ ያለ ነገር በየት በኩል ነው ያለው? ኑና አሳዩኝ።

የድሮው_መምህር፦
ልጄ ቋረኛው፣ ንጽጽርህን ወድጄዋለሁ፣ ግማሹን ነው የነገርከን እንጂ።

መቅደላ ላይ ከተዘረፈው ብራና ብዙው የመጣው ከየት ነበር? ከዚሁ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነው። ወደዚያ ያጋዙት አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ናቸው፤ መቅደላ ላይ ላሰቡት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን። በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን አስዘርፈው አቃጠሏት። ደርቡሽ በ1880 መጥቶ የቀረውን ሲያነድ ግማሽ ሥራው ተሠርቶለት ነበር። ስለዚህ ንጉሡን ከኪልሞንገር ጋር ካመሳሰልክ ሙሉውን አመሳስል። ኪልሞንገርስ ዙፋኑን እንደያዘ የመጀመሪያ ሥራው ምን ነበር? ለብላክ ፓንተሩ ኃይል የምትሰጠውን፣ የልብ ቅርጽ ያላትን ቅጠል አትክልት ቦታ አቃጥሉ አለ። ከኔ በኋላ ሌላ ንጉሥ አይምጣ ነው ነገሩ።

እኔ ይህን ፊልም የልጅ ልጄ አስቀምጣኝ ነው ያየሁት። ሁለተኛው ሲጀምር ሹሪ ያችን ቅጠል በማሽን ልትሠራ ስትደክም ሳይ፣ ክፍል ሁለት የተወለደው ከዚያ እሳት ነው አልኩ። ቅጠሏ ባትቃጠል ለወንድሟ መድኃኒት ነበራት። አንደኛው ፊልም ላይ ሁላችሁ «ልክ ነበር» የምትሉት ሰው ያነደደው እሳት ነው ሁለተኛው ላይ ልጅቷን ባዶ እጇን ያስቀራት። ቅጠሏን መልሳ የሠራቻት ከናሞር በስጦታ ባገኘችው አምባር ነው፤ ከባላንጣዋ እጅ። ጠጥታ ወደ አያቶቿ ዓለም ስትሻገር ደግሞ የሞተችውን እናቷን ጠበቀች፣ ያገኘችው ኪልሞንገርን ነው፤ ዙፋን ላይ ተቀምጦ።

ሁለተኛው ይበልጣል አልልም፤ አንደኛው የበለጠ የተስተካከለ ሥራ ነው። ነገር ግን ጀግና ያቃጠለውን ማን ይጠግናል ብሎ የጠየቀ ሁለተኛው ነው።

ቋረኛው፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አፄ ቴዎድሮስን ከአንድ የፊልም ሽፍታ ጋር አንድ ሚዛን ላይ አያስቀምጡብኝ። ኢትዮጵያን አንድ ሊያደርጉ የተነሡ ንጉሥ ናቸው።

ሰብለ_ዘፒያሳ፦
ሚዛኑን ያመጣኸው አንተ፣ አንዱን ወገን ብቻ የጫንክበትም አንተ! ጋሼ ምን አደረጉ?

ቋረኛው፦
እኔ በክብሩ ነው ያመሳሰልኩት። በክፋቱ አልወጣኝም።

አወያይ፦
ስለ ንጉሡ ሌላ ክር ክፈቱ፤ እዚህ ፊልሙ ላይ ቆዩ። ስድብ ከጀመረ እዘጋዋለሁ።

የድሮው_መምህር፦
አልተቀየምኩም፣ እንዲህ መከራከር ደግ ነው። ቋረኛው ሁለተኛው ላይ አሳዩኝ ስላለ ግን ላሳየው።

ጄኔቭ ላይ፣ የተባበሩት መንግሥታት ስብሰባ። እናትየዋ ንግሥት ራሞንዳ ትናገራለች፤ የፈረንሣይዋ ተወካይ ዋካንዳ ማዕድኗን አታካፍልም እያለች ትወቅሳለች። በዚያው ቅጽበት በሩ ይከፈትና ማሊ ውስጥ ያለውን የዋካንዳ ማዕከል ሊዘርፉ ገብተው የተያዙት ወታደሮች እጃቸው ታስሮ ጉባኤው ፊት እንዲንበረከኩ ይደረጋል። ያን ትዕይንት ሁለት ጊዜ አስመለስኳት ልጅቱን።

ጎንደር ላይ እኮ ከእንግሊዝ ብቻ አይደለም ሒሳብ ያለን። በፈረንጅ 1932 የፈረንሣይ ተመራማሪዎች፣ ከዳካር ጅቡቲ የሚሉት ጉዞ፣ እዚህ መጥተው ወራት ተቀምጠዋል። መሪያቸው ማርሴል ግሪዮል ነበር። የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥተው ወሰዱ፤ ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ባዶ እንዳይታይ ደግሞ ሠዓሊያቸው ኮፒ ሥሎ በቦታው ለጠፉት። በመርዝ ቡና ሳይሆን በውልና በስጦታ ነው የተወሰደው። አንደኛው ፊልም የጥንቱን ዘረፋ አሳየ፤ ሁለተኛው ዘረፋው ሱፍና ከረባት ለብሶ ስብሰባ ላይ ሲቀመጥ አሳየ። ለኔ ሁለተኛው ነው የሚያስፈራው።

ማራኪ_ተማሪ፦
ጋሼ፣ በአምስት ዓመት ትምህርት ቤት ይህን አልነገሩንም! ኮፒውን ለጥፈው ዋናውን?

በርግጥ ለክርክሬ ይመቸኛል። ክፍል ሁለት ሁሉ እንደ እንጦንስ ግድግዳ ነው፤ ዋናው ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ጃንተከል፦
ይቺ ነገር ታምራለች፣ ግን አልሰጥህም። ኮፒ የሚባለው ሌላ ሰው ቲቻላ አድርገው ያንኑ ጭፈራ ቢደግሙት ነበር። እነሱ ግድግዳውን ባዶ ተዉት።

ማራኪ_ተማሪ፦
እሱም ላይ እኔ ተቃዋሚ ነኝ። ሌላ ሰው መተካት ነበረባቸው። ያኔ ኢንተርኔት ላይ ይተካ የሚል ዘመቻ ነበር፣ የፈረምኩም ነኝ። ሐልክ ተቀይሯል፤ ኤድዋርድ ኖርተን ወጥቶ ማርክ ሩፋሎ ገባ። የአይረን ማን ጓደኛ ሮዲ ተቀይሯል፤ ቴሬንስ ሐዋርድ ወጥቶ ዶን ቺድል ገባ። ማን ሞተ? ቲቻላ ከቦዝማን በፊት በኮሚክስ የነበረ ሰው ነው። ስንት ነጭ ጀግና እየተቀያየረ ሲቀጥል የኛው አንድ ንጉሥ ከተዋናዩ ጋር መቀበር ነበረበት? ልጆች ንጉሣቸውን አጡ።

ሰብለ_ዘፒያሳ፦
የጠቀስካቸው በደኅና የወጡ ናቸው፣ በውል አለመስማማት። ይሄ ሞት ነው። አብረውት የሠሩት እኮ ናቸው የሚያለቅሱት፤ የሹሪ ዕንባ ትወና ብቻ ይመስልሃል?

የድሮው_መምህር፦
ተማሪው ያለው ላይ ፍሬ ነገር አለው፤ አልጋ ባዶ አይደር የሚለውን የኛም ሰዎች ያውቁት ነበር። አፄ ምኒልክ በ1906 ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ረጅም ጊዜ ተደብቋል። ሕዝቡ እንዳይሸበር ነው። ግን ያ ሕዝብ ንጉሡን በወጉ ሳያለቅስ ቀረ። የፊልሙ ሰዎች ሁለቱም መንገድ ክፍት ነበረላቸው፤ ለቅሶውን መረጡ። አልጋውን ደግሞ መጨረሻ ላይ የተራራው ነገድ አለቃ ምባኩ ሊጠይቅ ሲመጣ አይታችኋል፤ ሹሪ ብላክ ፓንተር ሆነች እንጂ ንግሥት አልሆነችም።

ክራር_ገራፊ፦
ሙዚቃውን ማንም ስላላነሣ ልግባ።

የሁለቱንም ሙዚቃ የደረሰው ሉድቪግ ጎራንሰን ስዊድናዊ ነው። ለአንደኛው ሴኔጋል ሄዶ ከዘፋኙ ባባ ማል ጋር ዞረ፤ ያን ብብት ሥር ይዘው እየጨመቁ የሚመቱትን ተናጋሪ ከበሮ ለቲቻላ ሰጠው፣ የፉላኒ ዋሽንት ለኪልሞንገር። ዋሽንቱ ከታች በአሜሪካ ቢት ሲገባ ልጁ ከሁለቱም አገር እንዳልሆነ ሳይነገርህ ይገባሃል። ኦስካሩ ሲያንሰው ነው። ኬንድሪክ ላማር ያዘጋጀው አልበም ሲጨመርበትማ አይነሣ። ለሁለተኛው ሜክሲኮና ሌጎስ ወርዶ ቀረጸ፤ የባሕር ዛጎል የሚነፋበት የታሎካን ክፍል ውሃ ውስጥ ያለህ ያስመስልሃል። በሙዚቃ አንደኛው ትንሽ ይበልጣል።

ግን የለቅሶ ፊልም ነው ካላችሁ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሙሾ የለውም። የኛ አልቃሽ ብትሆን ድንኳኑ በር ላይ ቆማ የሟቹን ሙያ ትቆጥራለች፤ የት ዘመተ፣ ማንን አስጠለለ፣ የፈረሱ ስም ማን ነበር፣ የታጠቀው ምን ነበር። ሰው የሚያለቅሰው እሱን ሰምቶ ነው። እዚያ ፊልም ላይ ግን ቲቻላ ምን እንዳደረገ አንድ ሰው እንኳ ቆሞ አልተናገረም። ይጨፍራሉ፣ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ ያጣምራሉ፣ ሣጥኑ ወጣ፣ አለቀ። አንደኛውን ያላየ ልጅ የሞተው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ይጨርሰዋል። ሥዕሉ አለቀሰ እንጂ ቃሉ አላለቀሰም።

ትርሲት፦
ክራር ገራፊ፣ ልክ ነህ፣ ግን ያለ ዕድሜው የሞተ ወጣት ሲሆን ሙሾውም ይጠፋል። የኛ ቤት አልቃሽ ተጠርታ መጥታ ነበር። ሁለት ስንኝ ብላ አቆመች።

ክራር_ገራፊ፦
እሺ።

ፍላሽ_ቤት፦
ስለ መጨረሻዋ ማንም አላወራም እኮ። ሹሪ ሄይቲ ሄዳ፣ ባሕር ዳር እሳት አንድዳ፣ ያን እምቢ ያለችውን የሐዘን ልብስ ታቃጥላለች። ከዚያ የቲቻላ ፍቅረኛ ናኪያ ልጁን ታመጣላታለች። የወንድሟ ልጅ! ቱሳን ይባላል፤ የሄይቲን ባሮች ነፃ ያወጣው ሰው ስም ነው። የቤት ስሙ ደግሞ ቲቻላ። አንድ አባት የሱቁን ወንበር ይዘው እዚያ ሲደርሱ «ዘር ቀረለት! ዘር ቀረለት!» ብለው ተነሡ፤ መንገደኛው ሁሉ ዘወር አለ።

አዘዞ_07፦
እና ክፍል ሦስት ላይ ልጁ አድጎ ይመጣል ማለት ነው?

ጃንተከል፦
ዴንዘል ዋሽንግተን ራሱ ነው ኩግለር ለሦስተኛው ሚና እየጻፈልኝ ነው ብሎ የተናገረው። ሌላውን እናያለን።

ማራኪ_ተማሪ፦
ዴንዘል ካለበት ክርክሩ አለቀ፤ ሦስተኛው ከሁለቱም ይበልጣል።

ቋረኛው፦
ያልተሠራ ፊልም! ይሄ ነው ጎንደሬ መሆን።

ትርሲት፦
ፍላሽ ቤት፣ ሁለተኛውን ያለ ተርጓሚ ታገኝልኛለህ? እናቴ ማየት ፈልጋለች፤ እኔ አጠገቧ ሆኜ እነግራታለሁ።

ፍላሽ_ቤት፦
አለኝ፣ በጥራቱ፣ ሰብታይትል ያለው። 161 ደቂቃ ሙሉውን ነው፤ ላፕቶፑን አስቀድመሽ ቻርጅ አድርጊ፣ በመብራት አትተማመኚ። ነገ ከሰዓት ፍላሽ ይዘሽ ነይ፣ ሒሳብ የለውም።